ማር ስኳር አይደለም ያልኩባቸው ወራት

ለሐኪሜ አንድም ቀን አልዋሸኋትም። «ስኳር ትነካለህ?» ስትለኝ «ሞቼ ነው ቆሜ!» እላት ነበር፤ እውነቴንም ነበር። አራት ወር ሙሉ አንዲት ቅንጣት ስኳር በአፌ አልዞረችም። እንዲህ እውነት እየተናገርኩ ራሴን ልገድል፣ ከራሴም አልፌ የሰው ልጅ ላስጨርስ ምንም አልቀረኝም። ጽሑፍ የኔ ሙያ አይደለም፤ የኔ ሙያ መሪ መያዝ ነው። ግን ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የሚቀመጠው የአገሬ ሰው ሁሉ እኔ ያደረግኩትን ሲያደርግ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስንሻው እባላለሁ። ከጎንደር ገጠር ተነስቼ በሱዳን አድርጌ እዚህ የገባሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ኢየሩሳሌም፣ ጊሎ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ከእንጉዳይና ከልጃችን ከኦስናት ጋር እንኖራለን። ሥራዬ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሚኒባስ ማመላለስ ነው። ጠዋት አሥራ አራት ሕፃናት ከየደጃፋቸው እሰበስብና ሃነቪኢም መንገድ አጠገብ አደርሳቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መልሼ አከፋፍላቸዋለሁ። ሰው ልጁን በእጁ ሲሰጥህ ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። አገር ቤት ሳለሁ የሰው በሬ እንኳ አደራ ሲሰጡኝ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ነገሩ በጥም ጀመረ። የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው፣ የፀደይ ወራት፣ ሙቀቱ ገና አልገባም። ውኃ እጠጣለሁ፣ እሸናለሁ፣ ደግሞ እጠጣለሁ። ልጆቹን ሳልጭን አንድ ጊዜ ነዳጅ ማደያ እቆማለሁ፣ ካወረድኳቸው በኋላ አንድ ጊዜ እቆማለሁ፤ በመካከሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የምነዳው። ስምሪቱን የሚመራው ሺሞን «ስንሻው፣ መኪናው ነው ወይስ አንተ ነህ ነዳጅ የምትጠጣው?» እያለ ያፌዝብኛል። ሌሊቱንማ ተዉት። እንጉዳይ አልጋውን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እንዘርጋው እስከማለት ደረሰች።

ቀጥሎ ሥጋዬ አለቀ። እየበላሁ ነው እኮ! እንደ ጅብ እየበላሁ ሱሪዬ ከወገቤ ይንሸራተታል። እንጉዳይ «ኮሶ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» አለችና ከአንዲት አሮጊት ኮሶ አስመጥታ አጠጣችኝ። አንጀቴ ተገልብጦ ሊወጣ ደረሰ እንጂ የወጣ ትል የለም። ክሊኒክ ስሄድ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ደግሞ ፊኛህ ቆስሏል ብሎ የአሥር ቀን መድኃኒት አዘዘልኝ። ውጬ ጨረስኩ፤ ሽንቴ እንደሆን እንደ ወንዝ ነው። ከዚያ ዓይኔ ፈዘዘ። የመንገድ ቁጥር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። እርጅና ነው ብዬ ከገበያ መነጽር ገዛሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን መነጽር አድርጌ ልጆች ጭኛለሁ።

ያዳነኝ የመንጃ ፈቃዴ ነው። ሕዝብ የሚያጓጉዝ ሹፌር በየጊዜው ለፈቃዱ የጤና ወረቀት በሐኪም ያስፈርማል። የኔ ተራ ሲደርስ ዶክተር ላሪሳ የምትባል ሐኪም ደሜን አስመረመረችና በማግሥቱ እሷ ራሷ ስልክ ደወለች። ከሩሲያ የመጣች ናት፤ የሷም ዕብራይስጥ የኔም ዕብራይስጥ የሚደናቀፍ ስለሆነ ኦስናትን ይዤ ሄድኩ። ልጄ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ግማሽ ነው።

«አባ፣ ሱካር አለህ። ማለት፣ በሽታው። ብዙ አለህ!» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?» አልኩ። ሐኪሟ ሲተረጎምላት ሳቀች። ከዚያ በቀስታ አስረዳችኝ። ሆዴ ውስጥ ቆሽት የሚባል ነገር አለ፤ ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባውን ቅመም የሚያመነጨው እሱ ነው፤ የኔ ደክሟል። የሰጠችኝ ክኒን ቆሽቱን እየገፋ የሚያሠራ ነው። «ሱካር ሎ፣ ኬክ ሎ፣ ኮላ ሎ» ብላ ኦስናት የተከለከለውን በጣቷ ቆጠረችልኝ። «ቤሴደር፣ አባ?»

«ቤሴደር፣ እሺ» አልኩ። የጤና ወረቀቱን ግን ሐኪሟ አልፈረመችውም። የቀድሞው ፈቃድ እስከ ክረምት፣ እዚህ አገር ብርድና ዝናቡ እስከሚገባበት ድረስ፣ ይሠራ ስለነበር እስከዚያ ስኳሩ ከወረደ እፈርማለሁ፣ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን፣ መርፌ ከጀመርን ደግሞ ስለ መኪናው እንደገና መነጋገር አለብን አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሌላ ሙያ የለኝም። ከሁሉም በላይ እነዚያን ሕፃናት ሌላ ሰው ሲጭናቸው ማየት አልችልም።

ቤት ገብቼ ስኳሩን ከነጣሳው አስወጣሁት። በኦሪት ማልኩ፤ ስኳር ከዛሬ ጀምሮ እርም ነው! እንጉዳይ ግን አንጀቷ አልቻለም። «ጉልበት ከየት ልታመጣ ነው?» አለችና ማር ይዛ መጣች። ከሰሜን፣ ንብ ከሚያረባ ወዳጃችን የመጣ፣ ወፍራም፣ ቀይ ማር። በጥብጣ ብርዝ አድርጋ በሁለት ጠርሙስ ትሞላልኛለች፤ አንዱ ከመሪው አጠገብ፣ አንዱ ከመቀመጫው ሥር። ጥሙም ስላለብኝ ግጥም አድርጌ እጠጣዋለሁ። ቁርሴን ደግሞ የተምር ማር፣ እዚህ አገር በየሱቁ የሚሸጠውን ጥቁሩን፣ በዳቦ እቀባለሁ። አገራችን ማር ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ለቁስል ማር፣ ለሳል ማር፣ ለአራስ ማር። ስኳር ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ማር ግን እግዚአብሔር የሠራው መድኃኒት ነው። ይኼ ለኔ ክርክር አልነበረም፤ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያለ ነገር ነበር።

በወሩ ስመለስ ቁጥሩ አልወረደም። ሐኪሟ ክኒኑን ጨመረች። በሁለተኛው ወር ጭራሽ ብሶበት ተገኘ። እንደገና ጨመረች።

«ሚስተር ስንሻው፣ ስኳር ትነካለህ?»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ጣፋጭ ነገር?»

«ኬክ አልወድም፣ ኮላ አልጠጣም፣ ከረሜላ የሕፃን ነው።» ኦስናት ተረጎመችላት፤ ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። አይ፣ ያን አስተያየቷን አልወደድኩትም። ውሸታም ያለችኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ቤት ስደርስ ንዴቴን የተወጣሁት በእንጉዳይ ላይ ነው። ወጡ ውስጥ ምን ጨመርሽ፣ ዳቦው ውስጥ ምን ጨመርሽ እያልኩ ጮኽኩባት። ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ምግብ አቅርባ ከኔ ጋር ሳትቀመጥ ሳምንት አለፈ።

ከዚያ በኋላ እሷም እልክ ያዛት። ሱፐርማርኬት ሄዳ ያለ ስኳር የሚባለውን ነገር ሁሉ ሰብስባ አመጣች። ለሻይ የሚሆን ትንንሽ የሳካሪን ክኒን፤ ስኳር ሳይሆን በኬሚካል የሚጣፍጥ ነው። «ዳየት» የተባለ ኮላ፣ ለስኳር በሽተኛ የተሠራ ብስኩት። ሳካሪኑ ምላስ ላይ ብረት ብረት ይላል። ብስኩቱ ግን ጣፋጭ ነው። በሽተኛ ይብላው ተብሎ ተጽፎ የለም? አንድ ፓኬት ሙሉ በቁርሴ ላይ በልቼ ወጣሁ። ጌታዬ! ሃነቪኢም ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሆዴ እንደ ከበሮ መጮህ ጀመረ። ልጆቹ «የምን ድምፅ ነው?» እያሉ ይስቃሉ፣ እኔ ላቤ ይንቆረቆራል። አድርሻቸው ወደ መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። ለካ ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ ነበረበት። ደምን እንደ ስኳር ቶሎ አያስነሳም፣ ግን ከጥቂት ካለፈ ሆድ ያስቀምጣል። ኋላ ሐኪሟ ማሸጊያው ላይ እንኳ እንደተጻፈ አሳየችኝ። ዱቄቱ ደግሞ ያው ዱቄት ነው፤ ስኳር ባይገባበትም ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል።

እማሆይን ያገኘኋቸው በዚህ መካከል ነው። ክሊኒኩ ያለው ከሃነቪኢም ብዙም ሳይርቅ ነው፤ «ኢትዮጵያ» በሚባለው መንገድ ያለው ቤተ ክርስቲያን መነኮሳትም እዚያው ይታከማሉ። ለምርመራ ደም ለመስጠት በባዶ ሆዴ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ ቢጫ ቆብ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ መነኩሲት አሉ።

«ልጄ፣ የየት አገር ሰው ነህ?»

«ጎንደር ነኝ፣ እማሆይ። ወገራ።»

«ወገራ! እኔ ደምቢያ ነኝ። ወይ መገናኘት! ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ስኳር።»

«እኔንም እሱ ነው።» ፈገግ አሉ። «ማር ትበላለህ?»

ልቤ ሞቀ። የገባው ሰው አገኘሁ አልኩ። «እርሱማ ባይኖር ሞቼ ነበር፣ እማሆይ። በቀን ሁለት ጠርሙስ ብርዝ እጠጣለሁ።»

እማሆይ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ልጄ! ኧረ በስመ አብ! እኔም እኮ ማር ጾም ነው፣ ማር የተባረከ ነው ብዬ ጾመ ጽጌን ሙሉ በማር ዘልቄ ራሴን ስቼ ነው ያነሱኝ። ማር ስኳር ነው!»

«ማር ማር ነው፣ እማሆይ። ስኳር ስኳር ነው።»

«እንግዲያው በጣትህ ዓይተህ እመን» አሉኝ። የጣት ደም የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ተሰጥቷቸዋል፤ እኔ ገና አልነበረኝም። በማግሥቱ ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ ምንም ሳልቀምስ በራቸው ሄድኩ። ኢትዮጵያ መንገድ ጠባብ ናት፤ ሚኒባሱን ከላይ አቁሜ በእግሬ ወረድኩ። እኔ ቤተ እስራኤል፣ እሳቸው መነኩሲት፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም፣ እሳቸውም ግባ ብለው አላስጨነቁኝም። ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቁጭ አልን። የምጠጣውን ከቤቴ በራሴ ጠርሙስ ይዤ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ጣቴን ወጉኝ፤ መቶ ሰባ ሁለት። በሳካሪን የጣፈጠ ሻይ ጠጣሁና አንድ ሰዓት ስለ ደምቢያ ዓሣ አወሩልኝ። መቶ ስድሳ ዘጠኝ። በማግሥቱ ሻዩን ትቼ አንድ ኩባያ ብርዝ ጠጣሁ። መቶ ስድሳ ስምንት የነበረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ስድሳ ሆነ። መሣሪያው ተሳስቷል አልኩ። እማሆይ የራሳቸውን ጣት ወግተው ለኩ፤ የሳቸው ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን የተምር ማር በውኃ በጥብጬ ያዝኩ። እሱም ያው፤ ሽቅብ ወጣ። በአራተኛው ቀን ዳየቱን ኮላ ሞከርን። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እማሆይ አንድ ጉንጭ ቀመሱለትና «ሳሙና ነው» ብለው ተፉት።

ጠርሙሴን እያገላበጥኩ አየሁት። አራት ወር ሙሉ ሚስቴ በፍቅር በጠርሙስ የሞላችልኝ፣ እኔ ደግሞ በጥም የጨለጥኩት በሽታዬን ነበር። «አትዘን ልጄ፣ ገና ነው» አሉኝ። «ዛሬውኑ ለሐኪሟ ሂድና ንገራት።»

አልነገርኳትም። ስህተቴ ይህ ነው፤ ከማሩም ይህ ይብሳል። በልጄ ፊት በኦሪት ምዬ፣ በሚስቴ ላይ ጮኼ፣ አሁን «ለካ ስበላ የከረምኩት እኔው ነኝ» ልበል? የመንጃ ወረቀቴ እሷ እጅ ላይ ነው። ውሸታም ብላ ከጻፈችብኝስ? ማሩን በዝምታ ተውኩት። ለእንጉዳይ «ሰለቸኝ» አልኳት። በወሩ ስለካ ቁጥሩ ዘጭ ብሎ ወርዷል። ዶክተር ላሪሳ እጄን ጨበጠችኝ፤ ክኒኑ ሠራ ብላ ተደሰተች፣ መጠኑንም እንዳለ ተወችው። ያ መጠን በቀን ሁለት ጠርሙስ ብርዝ ለሚጠጣ ሰው የታዘዘ መሆኑን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ እጄ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ላብ ይለኛል፤ እህል ስቀምስ ይተወኛል። ረሃብ ነው አልኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ሲግድ ደረሰ። ሲግድ ማለት እኛ ቤተ እስራኤሎች በጾም ኮረብታ የምንወጣበት፣ ቄሶቹ ኦሪት የሚያነቡበት፣ እስከ ከሰዓት በኋላ እህል ውኃ የማይቀመስበት በዓላችን ነው። ሐኪሟ ጾም ሲመጣ ንገረኝ ብላኝ ነበር። ዮም ኪፑርን፣ የስርየቱን የሙሉ ቀን ጾም፣ ጾሜ ምንም አልሆንኩም፣ ይኼ ግማሽ ቀን ነው፣ ምን አስጠየቀኝ አልኩ። ያን ጊዜ ማሩ ገና ደሜ ውስጥ እንደነበር ማን አሰበው? ሳይነጋ ክኒኔን ውጬ፣ ሚኒባሱን አስፈቅጄ፣ የጊሎን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልቼ ከድሮው ከተማ ፊት ለፊት ወዳለው ኮረብታ ወሰድኳቸው።

ቀትር ላይ ነው። የቄሶቹ ጥላዎች፣ ቀዩም አረንጓዴውም፣ ሁለት ሁለት ሆኑብኝ። ልብሴ በላብ ጠለቀ። እንጉዳይ «ምነው?» ስትለኝ «ዝም በይ!» ብዬ አምባረቅኩባት፤ ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም፣ አፌ ከኔ ቁጥጥር ወጥቷል። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። የሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል።

«ስኳሩ ተነሳበት!» ትላለች እንጉዳይ።

አንዲት ሴት ለልጆቿ የያዘችውን የብርቱካን ጭማቂ ወደ አፌ አስጠጋች። እንጉዳይ እጇን መታ አድርጋ መለሰቻት። «ልትገድይብኝ ነው? ስኳር በሽተኛ እኮ ነው!» አለችና ጾሙን ለምንፈታበት ሰዓት በፔርሙዝ የያዘችውን ሻይ ቀዳች፤ በሳካሪን የጣፈጠውን። በማንኪያ አጠጣችኝ። ጣፋጭ ነው፣ ዋጥኩት። ምንም። ሌላ ሰው ደግሞ ዳየት ኮላ አመጣ። ዋጥኩት። ምንም። ምላሴ ጣፋጭ ይላል፣ ደሜ ግን ባዶ ነው። እማሆይ ደጃፍ በገዛ ጣቴ ያየሁትን ነገር፣ ሳካሪን ቁጥሩን ንቅንቅ እንደማያደርገው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ መናገር አልቻልኩም።

ኦስናት ከጓደኞቿ መካከል ሮጣ ስትመጣ አምቡላንስ ጠርታ ነበር። የመጣው ሰውዬ ጣቴን ወጋ፤ ሠላሳ ስምንት። «ስኳሩ አልወጣም፣ አልቋል!» ብሎ ጮኸና ከቱቦ የሚጨመቅ ወፍራም ስኳር በጉንጬ ውስጥ አሸልኝ። ትንሽ ቆይቶ የሰማይ ቀለም ተመለሰ። ከዚያ የእንጉዳይ ፊት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ያለችኝን እስክሞት አልረሳውም።

«ስንሻው፣ ከሦስት ሰዓት በፊት እኮ መሪ ላይ ነበርክ።»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጠዋት የጫንኳቸውን ሽማግሌዎች አይደለም ያሰብኩት፤ አሥራ አራቱን ሕፃናት ነው። አንድ በአንድ፣ በየመቀመጫቸው መጡብኝ።

በማግሥቱ ሥራ ሳልሄድ ለዶክተር ላሪሳ ሁሉንም ነገርኳት። ኦስናትን ውጪ አስቀምጬ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ ማሩን፣ ብርዙን፣ የተምሩን፣ ዝም ማለቴን። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ስኳር ትነካለህ ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ትጠጣለህ ብዬ አልጠየቅኩህም። አያቴም እኮ በሻይዋ ውስጥ ማር ትጨምርና ስኳር ትቻለሁ ትል ነበር።» ክኒኑን ከግማሽ በታች አወረደችው። ቀጥላ «ሦስት ወር መሪ አትነካም» አለችኝ። «ይገባኛል» አልኩ። አልተከራከርኩም። ለሺሞን እኔው ራሴ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት፤ ቁልፉንም አስረከብኩ።

እነዚያ ሦስት ወራት ከባድ ይሆናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደጎች ነበሩ። ሺሞን መኪና እያጠብኩ፣ ጎማ እየፈተሽኩ ጋራዥ እንድውል አደረገልኝ። ማታ ማታ ከእንጉዳይ ጋር ጊሎን እንዞራለን። የመጀመሪያው ሳምንት አኩርፋ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር፤ እኔ እያለከለክሁ እከተላለሁ። አንድ ቀን ቆማ ጠበቀችኝ። «ለወጡ ይቅርታ ጠይቅ» አለችኝ። ጠየቅኩ። «ለዳቦውም።» ለዳቦውም ጠየቅኩ። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ነው የምንሄደው። እማሆይም ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ንገራት ብዬህ ነበር» ብለው ተቆጡኝና ወዲያው መሣሪያቸውን አውጥተው ለኩኝ።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይህን ነው። ማርም፣ የተምር ማርም፣ ነጩም ቡናማውም ስኳር ደም ውስጥ ሲገቡ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቡናማው ይሻላል የሚላችሁን አትስሙ። ሳካሪኑና ዳየቱ ደምን አያስነሱም። ካንሰር ያመጣል የሚባለውን ሐኪሟን ጠይቄያት በአይጥ ላይ ብዙ አብዝተው ሰጥተው የተነሳ ወሬ ነው፣ አንተ የምትጠጣው አያስፈራኝም አለችኝ። ለጤናም ግን አይጨምሩልህም፤ ምላስን ማታለያ ናቸው። እኔ ሻዬን ቀስ በቀስ በባዶው ለመድኩት፤ አሁን ቅጠሉ ራሱ ይጣፍጠኛል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልኝ። ክኒን ወይ መርፌ የሚወስድ ሰው ላቡ ከመጣ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ነገር ከተቆጣ፣ ሳካሪን አትስጡት። እውነተኛ ስኳር ስጡት፣ ማርም ቢሆን ስጡት! ራሱን ስቶ መዋጥ ካልቻለ ግን በአፉ ምንም ሳታፈሱበት አምቡላንስ ጥሩ። ከመጾማችሁም በፊት ለሐኪም ንገሩ። ጾሙን የሰጠን አምላክ ሞታችንን አልጠየቀንም፤ ይህን ቄሳችንም አረጋግጠውልኛል።

በክረምቱ ማብቂያ ዶክተር ላሪሳ ወረቀቴን ፈረመች። አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ መሪ ከመያዜ በፊት ሁልጊዜ ጣቴን እንድለካ፣ ከዘጠና በታች ከሆነም እንዳልንቀሳቀስ።

የመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ሸሚዜን እንጉዳይ ተኩሳዋለች። ከደስታ ብዛት ቁርሱም አልወረደልኝም፤ ትንሽ ቀማምሼ ወረድኩ። የጊሎ ንፋስ ፊት ይቆርጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ጣቴን ወጋሁ። ስድሳ አራት።

ቁጥሩን ትኩር ብዬ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም እኮ! እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔ ጥርት ብሎ ያያል። የመጀመሪያዋ ልጅ ቤት በመኪና አምስት ደቂቃ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ነው። ከረሜላ አፍ ላይ አድርጎ መሄድም ይቻላል፤ ማን ያያል?

ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። አራት ፍሬ ስኳር አኘክሁ፤ በኦሪት የማልኩበትን ያንኑ ነጭ ስኳር። ለሺሞን ደወልኩ። «ስኳሬ ወርዷል፣ እስኪወጣ አልንቀሳቀስም።» ሺሞን ትንሽ ተሳደበና «እሺ፣ ለእናቶቹ እኔ እደውላለሁ» አለ። ሩብ ሰዓት ቆጥሬ ለካሁ፤ ሰባ አንድ። እንጉዳይ ዳቦ ይዛ ወረደች፣ አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዷን ጉርሻ እያየችኝ አስጨረሰችኝ። እንደገና ጠበቅኩ። መቶ ስምንት ሲል ሞተሩን አስነሳሁ።

የመጀመሪያዋ እናት ልጇን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ሰዓቷን እያሳየች ቆማለች። ፊቷ ጠቁሯል። ሺሞን መኪናው ይዘገያል ብሏት ይሆናል እንጂ ምክንያቱን አልነገራትም። በሩን ከፈትኩና ወረድኩ። በሽታዬን፣ ሲግድ ላይ የሆንኩትን፣ ዛሬ ጠዋት ስድሳ አራት ማየቴን ነገርኳት። «ልጅሽን ጭኜ ልወድቅ አልፈልግም፤ ስለዚህ ጠበቅኩ። ነገም ቢወርድ እጠብቃለሁ። ከኔ ጋር መላክ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም።»

ሴትዮዋ ሰዓቷን ትታ እኔን አየች። ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ወጣች፣ ልጅቷን ከኔ መቀመጫ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ቀበቶዋንም በገዛ እጇ አሰረችላት።